ብሬስ ላሠረች ልጅ ምን እናብላት፣ ምንስ እናጠጣት?

የአዳማዋ እናት፦

ጤና ይስጥልኝ። የ14 ዓመት ሴት ልጄ በቅርቡ አዲስ አበባ ውስጥ በላይኛውም በታችኛውም ጥርሶቿ ላይ ብሬስ፣ ማለትም ጥርስ የሚያስተካክል ሽቦ፣ አሠርታለች። ሐኪሟ ሕክምናው ከዓመት ከመንፈቅ እስከ ሁለት ዓመት ሊወስድ እንደሚችልና በየአራት እስከ ስድስት ሳምንቱ እየተመላለሰች ሽቦው እንደሚስተካከልላት ነግሮናል። ስንወጣ የምትበላውንና የማትበላውን የሚዘረዝር አንድ ገጽ ወረቀት ተሰጠን። ወረቀቱ በጥንቃቄ የተዘጋጀ ነው፤ ይሁን እንጂ የሚያወራው ስለ ፖም፣ ስለ ቶፊ፣ ስለ ፒዛ ጠርዝና ስለ ጥሬ ካሮት ነው። እነዚህ እኛ ቤት በዓመት አንዴ ቢገቡ ነው። በየቀኑ ከማዕዳችን የማይጠፉት እንጀራ፣ ሽሮ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቡናና ሻይ ግን በወረቀቱ ላይ አልተነሡም።

ልጄ ብሬሱ ከታሰረላት ወዲህ ጥርሴን ያመኛል እያለች ከምግብ ትሸሻለች። እሺ ብላ የምትቀምሰው በሻይ የተነከረ ብስኩትና ከጭማቂ ቤት የሚመጣ ጁስ ብቻ ሆኗል። ለስላሳ ስለሆነ አይጎዳትም ብዬ ዝም ብዬአታለሁ፤ ነገር ግን ልቤ አላረፈም።

ሌላው የሚያስጨንቀኝ የቡናው ሰዓት ነው። አያቷ ከእኛ ጋር ስለሚኖሩ ቡና በየቀኑ ይፈላል፤ ልጅቷም ከልጅነቷ ጀምሮ አጠገባቸው ተቀምጣ ቆሎና ፈንድሻ እየበላች፣ ስኳር በዛ ያለበትን ቡና ከአቦል እስከ በረካ ስትጠጣ ኖራለች። ይህ ሰዓት ለሁለቱም ደስታቸው ስለሆነ ልከለክላት አልፈልግም። በዚያ ላይ ዐቢይ ጾም እየቀረበ ነው፤ ልጄም ትጾማለች። ሥጋው፣ ወተቱና እንቁላሉ ሲቀር ጥርሷን ሳያስቸግራት ሰውነቷን የሚጠግን ምን ማቅረብ እችላለሁ? በሙያው ያላችሁም ሆናችሁ በቤታችሁ ይህን ያሳለፋችሁ የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

የጥርስ ሐኪም፣ አዲስ አበባ፦

እኅቴ፣ ጥያቄዎ በጣም ተገቢ ነው። ለታካሚዎቻችን የምንሰጠው ምክር ከቤታቸው ማዕድ ጋር ካልተገናኘ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ በእርስዎ ቤት ካለው ልነሣ።

በመጀመሪያ ሕመሙን በተመለከተ፣ ልጅዎ የሚሰማት ነገር የሚጠበቅ ነው። ሽቦው ጥርሱን ቀስ እያለ ሲገፋ የጥርሱን ሥር ከመንጋጋው አጥንት ጋር የሚያያይዘው ስስ ጅማት ይጫናል፤ ሕመሙም ከታሰረ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ጀምሮ በማግስቱ ገደማ ይበረታል፤ ከዚያም በሳምንት ጊዜ ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። በየቀጠሮው ሽቦው ሲስተካከልም በመጠኑ ሊመለስ ይችላል። በእነዚህ ቀናት ማኘክ የማይፈልግ ምግብ ያቅርቡላት፦ አጥሚት፣ ለስለስ ያለ ገንፎ፣ በወጥ በደንብ የራሰ ፍርፍር፣ ሽሮ፣ የተፈጨ ድንች፣ የምስር ሾርባ፣ የፍስክ ቀን ከሆነ ደግሞ እርጎ፣ አይብና እንቁላል ፍርፍር። ገንፎውና ሾርባው ግን እንፋሎቱ እስኪያልፍለት ይቀዝቅዝ፤ የቆሰለ ጉንጭ ትኩስ ነገር አይችልም። ሕመሙ ከበረታ ለዕድሜዋና ለክብደቷ በሚመጥን መጠን ፓራሲታሞል መስጠት ይቻላል። ከንፈሯን ወይም ጉንጯን ብራኬቱ፣ ማለትም በየጥርሱ ላይ ተጣብቆ ሽቦውን የሚይዘው ትንሽ ቁራጭ፣ ከላጠው ለብ ባለ አንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ሟሙቶ በቀን ጥቂት ጊዜ መጉመጥመጥ ያስታግሳል፤ ከክሊኒኩ የተሰጣትን ሰምም በሚወጋው ብራኬት ላይ ትለጥፈው።

ብሬስ ያሠረ ሰው ከምግብ የሚመጣበት ጉዳት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ብራኬቱን የሚነቅለው ወይም ሽቦውን የሚያጣምመው ነው። ብራኬት በጥርስ ላይ የሚያዘው በማጣበቂያ ነው፤ ሕክምናው ሲያልቅ ጥርሱን ሳይጎዳ እንዲነሣ ስለሚፈለግም ማጣበቂያው ከልክ በላይ እንዲጠነክር አይደረግም። አንዲት የተቆላች ሽምብራ በላይኛውና በታችኛው መንጋጋ መካከል ስትቆረጠም ኃይሉ በጎን በኩል ብራኬቱን ይመታዋል፤ ያን ጊዜ ይላቀቃል። ከጥርሱ የተላቀቀ ብራኬት ጥርሱን ሊገፋው አይችልም፤ እስኪመለስ ድረስም ጥርሱ ወደ ቀድሞ ቦታው ሊያፈገፍግ ይችላል። ይህ ሲደጋገም ሁለት ዓመት የተባለው ሕክምና ይራዘማል። ስለዚህ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የተቆላ ሽምብራና ባቄላ፣ ለውዝ፣ ደረቅ ቋንጣ፣ በረዶና ጠንካራ ከረሜላ ሕክምናው እስኪያልቅ ይቆዩ። የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ቢያምራት ፍሬው በቢላ ተሸልቅቆ ለስላሳው ይሰጣት እንጂ ከቆረቆንዳው ላይ አትጋጠው። ማስቲካና ጥርስ ላይ የሚለጠፍ ከረሜላም እንዲሁ ይከልከሉ።

ፈንድሻን ለብቻው የማነሣው ብዙ ሰው ለስላሳ ነው ብሎ ስለሚያልፈው ነው። ነጩ ክፍል ለስላሳ ነው፤ ነገር ግን በመካከሉ ያለችው ቢጫ ገለፈት እንደ ጥፍር ስስና ስለታም ናት፤ ከብራኬቱ ሥር ተንሸራትታ ድድ ውስጥ ትገባለች። በብሩሽ አትወጣም፤ በመስታወትም አትታይም። ከጥቂት ቀናት በኋላ በዚያ ቦታ ድዱ ያብጥና ይደማል።

ሁለተኛው ጉዳት ከስኳርና ከአሲድ የሚመጣው ነው፤ እኔን ከቆሎው ይልቅ አብልጦ የሚያሳስበኝም ይኸኛው ነው። የተነቀለ ብራኬት በአንድ ቀጠሮ ይመለሳል፤ ማዕድኑን ያጣ የጥርስ ሽፋን ግን ሙሉ በሙሉ ወደ ነበረበት አይመለስም። በጥርስ ላይ በሚጣበቀው ፕላክ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳር ባገኙ ቁጥር አሲድ ያመነጫሉ። የአሲድነቱ መለኪያ ፒኤች ከ5.5 አካባቢ በታች ሲወርድ የጥርሱ ሽፋን ማዕድኑን ማጣት ይጀምራል፤ ምራቅ ሁኔታውን አስተካክሎ ጥርሱን እስኪያሳርፈው ድረስም ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ብሬስ በሌለው ጥርስ ላይ ምላስና ምራቅ ብዙውን ያጥባሉ፤ በብራኬትና በሽቦ ዙሪያ ግን ፕላክ የሚሸሸግበት ቦታ ብዙ ነው። ጽዳቱ ከጎደለና ስኳሩ ከበዛ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ እንኳ በብራኬቱ ዙሪያ ነጭ ምልክት ሊወጣ ይችላል። ሕክምናው አልቆ ብራኬቱ ሲነሣ ጥርሱ ቀጥ ብሎ ተሰልፎ እያለ፣ ብራኬቱ የነበረበት ቦታ ጤነኛ ሆኖ ዙሪያውን ብቻ የኖራ መልክ ያለው ክፈፍ ቀርቶ ማየት በጣም ያሳዝናል።

ከዚህ የተነሣ ዋናው ጥያቄ በቀን ስንት ማንኪያ ስኳር ተወሰደ የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ ስኳሩ ስንት ጊዜ እየተመላለሰ ጥርሱን ነካው የሚለው ጭምር ነው። የቡናውን ሥርዓት በዚህ ዓይን ይመልከቱት። አቦሉ ተጠጥቶ አሲዱ ገና ሳይበርድ ቶናው ይደርሳል፤ ቶናው ሳይወርድ በረካው ይቀዳል፤ በመካከልም ፈንድሻው ላይ ስኳር ተነስንሶ ይቀርባል። አንድ ሰዓት ከመንፈቅ የቆየ የቡና ጨዋታ ማለት ጥርሷ ያን ያህል ጊዜ ከአሲድ ውስጥ ሳይወጣ ቆየ ማለት ነው። ልጅቷን ከአያቷ አጠገብ ማንሣት አያስፈልግም፤ ስኳሩን ማንሣት ይበቃል። ቡና ያለ ስኳር ጥርስን የሚያበሰብስ ነገር የለውም፤ በአንዳንድ አካባቢዎቻችን እንደሚደረገው በቁንጥር ጨው መጠጣትም ይቻላል። ያለ ስኳር አልወድም ካለች በአቦሉ ብቻ ትንሽ ታድርግ፤ ከዚያ በኋላ ንጹሕ ውኃ በብርጭቆ አጠገቧ ይቀመጥና እሱን እየተጎነጨች ትጫወት። ለ14 ዓመት ልጅ ቡናው ራሱ ባይበዛ እንደሚመረጥም ሳልጠቅስ አላልፍም።

በሻይ የተነከረው ብስኩትና ጁሱም እንዲሁ መታየት አለባቸው። የረጠበ ብስኩት ከብራኬቱ ሥር እንደ ሊጥ ይለጠፋል፤ ስኳሩም በዚያው ይቆያል። የጭማቂ ቤቱ ጁስ ፍሬው ተፈጭቶ ስኳሩ ነጻ የወጣበት፣ ብዙ ጊዜም ተጨማሪ ስኳር ወይም ሽሮፕ የሚገባበት ነው። አቮካዶውን ያለ ስኳር ቤት ውስጥ ቢፈጩላት ለልጅዎ ጥሩ ምግብ ነው፤ ፓፓያና ሙዝም ተቆርጠው በማንኪያ ቢበሉ ይሻላል። ስለ ለስላሳ መጠጥ ደግሞ አንድ ቁጥር ልስጥዎት፦ 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጣሳ ኮካ ኮላ ወደ 35 ግራም ስኳር አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው ቢቀነስ ይሻላል ያለው የቀን መጠን ግን ወደ 25 ግራም ነው። ስኳር አልባ የሚባሉትም አሲዳቸው ያው ስለሆነ ነጻ አያወጡም። ጣፋጭ መጠጥ የግድ ከሆነ ከምሳ ጋር አብሮ፣ በአንድ ጊዜ ተጠጥቶ ይለቅ፤ ኮዳ ተይዞ ከሰዓቱን ሙሉ አይጠጣ። ከአሲዳማ መጠጥ በኋላ ወዲያው በውኃ መጉመጥመጥ ጥሩ ነው፤ ብሩሹ ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ይዘግይ፤ ምክንያቱም አሲድ ያለሰለሰውን ሽፋን ወዲያው መፈተግ ይጎዳዋል።

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ ጅማ፦

ሐኪሙ ዋናውን ስለተናገሩ እኔ ብሬስ አሥሮ በተማሪዎች ካፌ ውስጥ መብላት ምን እንደሚመስል ልጨምር። እንጀራ ለብሬስ የሚስማማ ምግብ ነው፤ በእጅ እየተቆረሰ ስለሚበላ በፊት ጥርስ መግመጥ አያስፈልግም። የሚያስቸግረው ዳቦ ነው። ዳቦ፣ ሳንዱች፣ በርገርና ማንጎ የሚገመጡ ስለሆኑ የፊቶቹን ብራኬቶች ይጎትታሉ፤ ስለዚህ ሁሉንም በእጅ ወይም በቢላ አሳንሶ በጎን ጥርስ ማኘክ ያስፈልጋል። የድፎ ዳቦ ቅርፊትም ተልጦ ውስጡ ለብቻው ቢበላ ይሻላል።

ጎመን ሲከተፍ ቃጫው ረጅም ከሆነ ሽቦው ላይ ይጠመጠምና እስኪወጣ ድረስ እረፍት ይነሣል፤ በደቃቁ ተከትፎ በደንብ ይብሰል። የጤፍ ፍትፍትና ቅንጬ ደግሞ በየብራኬቱ መካከል ይቀራሉ፤ አይጎዱም፣ ነገር ግን ሳያጸዱ ሰው ፊት መሳቅ ይከብዳል። ልጅቷ በ14 ዓመቷ ይህ በጣም ሊያሳፍራት ይችላልና እባክዎ በቦርሳዋ ትንሽ መስታወት፣ የሚታጠፍ የጥርስ ብሩሽና በሽቦው ሥር የምትገባውን ቀጭን ብሩሽ ያኑሩላት። ትምህርት ቤት ውስጥ መቦረሽ ባትችል እንኳ ከምሳ በኋላ በውኃ አጥብቃ ትጉመጥመጥ።

ስለ ቀለምም አንድ ነገር አለ። ሽቦውን ብራኬቱ ላይ የሚያስሩት ትንንሽ ላስቲኮች ነጭ ወይም ብርሃን አሳላፊ ከሆኑ እርድ ያለው አልጫ በአንድ ምሳ ቢጫ ያደርጋቸዋል፤ በርበሬ፣ ቡናና ቀይ ሥርም ያጠቁራቸዋል። በየቀጠሮው ስለሚቀየሩ ጉዳት የለውም፤ ቢሆንም ልጅቷ መልኩ የሚያስጨንቃት ከሆነ በሚቀጥለው ቀጠሮ ግራጫ ወይም ደማቅ ሰማያዊ ትምረጥ።

ከምግብ ውጭ ደግሞ የእስክሪብቶ ክዳን መንከስና የለስላሳ ቆርኪ በጥርስ መክፈት አለ። በክፍላችን ብሬስ ያሠርን ልጆች አሉን፤ ብራኬት ተነቀለ ሲባል የምሰማው ከምግብ ይልቅ በእስክሪብቶ ምክንያት ነው ማለት እችላለሁ።

ባለ ባልትና፣ ጎንደር፦

እኅቴ፣ የጾሙ ነገር አያስጨንቅዎት። የእኛ የጾም ማዕድ ከጥንትም ጥርስ ለሌለው ሽማግሌና ጥርስ ላላበቀለ ሕፃን ጭምር የሚሆን ነው፤ ልጅዎ ከፍስኩ ይልቅ በጾሙ ሊቀላት ይችላል።

ቅድሚያ የምሰጠው ለሱፍ ፍትፍት ነው። ሱፉ ይቀቀልና ይወቀጣል ወይም ይፈጫል፤ በውኃ ይበጠበጥና ይጠለላል። እዚህ ላይ ለብሬስ ሲባል አንድ ጥንቃቄ ይጨምሩ፦ የሱፍ ቅርፊት ደረቅና ሹል ስለሆነ በጠባብ ወንፊት ካጠለሉ በኋላ በንጹሕ ስስ ጨርቅ ዳግመኛ ያጥልሉት። የወጣው ነጭ ወተት ላይ ጨው፣ የተወቀጠ ዝንጅብልና ጥቂት ቃሪያ ገብቶበት እንጀራው በደቃቁ ተፈትፍቶ ይነከርበታል። ቃሪያውን ፍሬው ተራግፎ በትልቁ ይክተፉትና መዓዛውን ከሰጠ በኋላ ያውጡት፤ የቆሰለ ጉንጭ ያቃጥላልና። እንጀራው ውኃውን ጠጥቶ እስኪለሰልስ ጥቂት ይቆይ። ይህ ምግብ ዘይትም ኃይልም አለው፤ ማኘክም አይጠይቅም።

ከዚያ ቡጢቻ አለ፤ በሽምብራ ዱቄት የሚሠራ ስለሆነ ገንቢ ነው፤ ልስላሴውም እንደ እንቁላል ፍርፍር ነው። ስልጆም እንዲሁ። የምስር ወጥና የክክ አልጫ እስኪፈርስ ድረስ ይቀቀሉ፤ ዱባ ወጥ፣ ድንችና ካሮት በደንብ ከበሰሉ ምንም አያስቸግሩም። ተልባ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶና ተነፍቶ ከተበጠበጠ ጥሩ ነው። በሶ ግን ጭብጦ ሆኖ አይቅረብ፤ ይደርቃል፤ በጥርስም ላይ ይለጠፋል። በውኃ ተበጥብጦ ትጠጣው፤ ማሩንና ስኳሩን ትተው በጥቂት ጨው ያጣፍጡላት።

አሁን ወደ ቡናው ቁርስ ልምጣ። ቆሎውን በንፍሮ ይለውጡት። ስንዴውና ሽምብራው ማታ ይነከርና በማግስቱ በጣት ሲጫኑት እስኪፈርስ ድረስ ይቀቀል፤ ለቁርስ እንደምናደርገው ጠንከር ሲል አይውጣ። የባቄላ አሹቅም ቅርፊቱ ከተላጠ ጥሩ ነው። ለአያቷም ከዚያው ከሳህኑ ይቅረብላቸው፤ ልጅቷ እሳቸው የሚበሉትን ስትበላ እንደተከለከለች አይሰማትም። የተቀቀለ ድንች በጨው፣ ከላይ የለሰለሰ አምባሻ በትንሹ ተቆርሶም ለቡና ቁርስ ያምራል።

የአንድ ወንድ ልጅ እናት፣ ደሴ፦

እኛ ዘንድ ይኸው ጉዳይ በረመዳን ነው የመጣው፤ ልጄም በ16 ዓመቱ ብሬስ እንዳሠረ ጾሟል። ለአፍጥር ተምር ስለማይቀር ፍሬውን አውጥቼ በአራት እቆርጥለታለሁ፤ ወዲያው ውኃ ይጠጣበታል፤ ቀጥሎ ሾርባ ይቀርባል። ሳንቡሳው ጠርዙ ደርቆ እንዳይጠበስ አድርጌ፣ ለሁለት ተከፍሎ ይበላል። ከባዱ ነገር ከአፍጥር እስከ ስሑር ያለው ሌሊት ነው፤ ልጆች እየተነሡ ጣፋጭ ይቀማምሳሉ፤ ሐኪሙ እንዳሉት ጥርሱ እረፍት አያገኝም። እኛ ጣፋጩን ከአፍጥሩ ጋር ብቻ አድርገን ከዚያ በኋላ ውኃ ብቻ ብለናል። ከስሑር በኋላ፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ በደንብ ይቦርሻል፤ ቀኑን ሙሉ አፍ ስለሚደርቅ በጥርስ ላይ የተረፈ ምግብ ይዞ መዋል ከወትሮው የበለጠ ይጎዳል። በእርስዎም ቤት ልጅቷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብም ውኃም ሳትቀምስ የምትቆይ ከሆነ የማታው ብሩሽ በምንም ምክንያት እንዳይታለፍ።

መፋቂያን በተመለከተ ሐኪሙ ቢነግሩን ደስ ይለኛል፤ ልጄ ሲዋኩን መተው አይፈልግም።

የአዳማዋ እናት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ የሱፍ ፍትፍቱን ሠርቼላት ሳህኑን ጨርሳለች፤ አያቷም ንፍሮውን ወደውታል።

ሦስት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ እኛ ለወንጂ ቅርብ ስለሆንን ሸንኮራ በየመንገዱ ይሸጣል፤ ልጄም በጣም ትወዳለች። ሁለተኛ፣ በእኛ አካባቢ የብዙ ሰው ጥርስ ቡናማ ነው፤ የእሷም በመጠኑ እንዲሁ ነው፤ ከውኃው ፍሎራይድ የመጣ ነው ይባላል። ታዲያ ሐኪሙ የሰጣት የጥርስ ሳሙና ፍሎራይድ ያለበት መሆኑን ሳይ ግራ ገባኝ፤ የሚጎዳን ነገር እንዴት መድኃኒት ይሆናል? ሦስተኛ፣ ጾሙ ሲፈታ ዘመድ ሁሉ ይሰበሰባል፤ ሥጋውም ጉርሻውም ይበዛል። በዚያ መካከል አንድ ነገር ቢነቀልባት አዲስ አበባ ድረስ እስክንሄድ ምን ላድርግ?

የጥርስ ሐኪም፣ አዲስ አበባ፦

ሸንኮራውን በግልጽ እከለክላለሁ። በጥርስ ሲላጥ ብራኬቱን ይነቅላል፤ ሲታኘክ ቃጫው በሽቦው ይጠመጠማል፤ ሲመጠጥ ደግሞ ስኳሩ በእያንዳንዱ ብራኬት ዙሪያ ይፈስሳል። ሁለቱንም ጉዳቶች በአንድ ላይ የሚያመጣ ሌላ ምግብ ማሰብ ይከብደኛል።

የፍሎራይዱ ጥያቄ ብዙ ወላጆችን የሚያደናግር ነው። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባሉ በርካታ አካባቢዎች፣ ወንጂንም ጨምሮ፣ የከርሰ ምድሩ ውኃ ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ወሰን በላይ ሆኖ ይገኛል። ሕፃኑ ይህን ውኃ የሚጠጣው ቋሚ ጥርሶቹ ገና በድድ ውስጥ እየተሠሩ ባሉበት ዕድሜ፣ ማለትም እስከ ስምንት ዓመት ገደማ፣ ከሆነ የጥርሱ ሽፋን አሠራር ይዛባና ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ልጅዎ 14 ዓመቷ ስለሆነ በመጨረሻ ከሚበቅሉት አውራ ጥርሶቿ በስተቀር ሽፋኑ ተሠርቶ አልቋል። አሁን ሳሙናው የሚሠራው ከውጭ ሆኖ ነው፤ አሲድ ያላላውን ሽፋን መልሶ ያጠነክራል። ስለዚህ በጠዋትና በማታ ትቦርሽበት፤ አረፋውን ትትፋው፣ አትዋጠው፤ ከተፋችም በኋላ በብዙ ውኃ አትጉመጥመጥ፤ ቀሪው ጥርሷ ላይ ይቆይ። በሳሙናው ላይ ሌላ የፍሎራይድ መጉመጥመጫ ከመጨመርዎ በፊት ግን የምትጠጡት ውኃ ከየት እንደሚመጣ ለሐኪሟ ይንገሩት። ውኃውን ማፍላት ፍሎራይዱን እንደማያስወግደውም ይወቁ፤ ውኃው ሲተን ፍሎራይዱ እዚያው ስለሚቀር ይልቁንም ይበረታል። ደግሞም በፍሎራይድ በተጎዳ ሽፋን ላይ ማጣበቂያ እንደ ሌላው ጥርስ አጥብቆ ላይይዝ ይችላል፤ በዚህ ምክንያት ልጅዎ ከእኩዮቿ የበለጠ ከጠንካራ ምግብ መጠንቀቅ አለባት።

ለደሴዋ እናት፣ መፋቂያም ሆነ ሲዋክ ጫፉ በደንብ ለስልሶ፣ ያለ ጉልበት፣ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ ከተጠቀሙበት አልከለክልም፤ ብራኬቱን ወደ ጎን መግፋት ግን የለበትም። ከሽቦው ሥር ስለማይደርስም ብሩሹን አይተካም።

በፋሲካ ዶሮ ወጡ ጥሩ ነው፤ ሥጋው ከአጥንቱ በእጅ ተለይቶ ይቅረብላት። ጥብሱ በደቃቁ ይከተፍ። ክትፎ የተፈጨ ስለሆነ ለጥርስ ይስማማል፤ ጤናዋን በማሰብ ግን በደንብ ይብሰልላት። ጎድንና ቅልጥም አትጋጥ፤ መቅኑ በማንኪያ ይውጣላት። በቢላ እየተቆረጠ በጥርስ የሚጎተተው ጥሬ ሥጋ ደግሞ ይቅርባት። ስለ ጉርሻው፣ አጉራሹን ማሳዘን አያስፈልግም፤ በዓሉ ሳይደርስ ለአጎቶቿና ለአክስቶቿ በጣት ጫፍ የምትያዝ ትንሽ ጉርሻ እንዲሰጧት እርስዎ ቢነግሩልኝ ይሻላል፤ ልጅቷ ራሷ ለታላላቆቿ ትንሽ አድርጉልኝ ማለት ሊከብዳት ይችላልና። ትልቅ ጉርሻ አፍን ሲሞላ ብራኬቶቹን ከጉንጭ ጋር ያፋትጋል፤ በውስጡ ያለ ስባሪ አጥንትም በጊዜው አይለይም።

ብራኬት ቢላቀቅ ብዙውን ጊዜ በሽቦው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ አይጎትቱት፤ የሚወጋ ከሆነ ሰም ይለጥፉበትና በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ለክሊኒኩ ይደውሉ። የሚቀጥለው ቀጠሮ እስኪደርስ መጠበቅ ጥርሱን ሳምንታት ያስከፍለዋል። የሽቦው ጫፍ ከኋላ ወጥቶ ጉንጯን ከወጋ በእርሳስ ጀርባ ባለው ንጹሕ ላጲስ ቀስ አድርገው ወደ ጥርሱ ያጥፉት፤ ካልታጠፈ ሰም ይሸፍነው። ሙሉ በሙሉ የወጣ ብራኬት ካለ በትንሽ ፕላስቲክ ጠቅልለው ይዘውት ይምጡ። ብትውጠው አብዛኛውን ጊዜ ያለ ችግር ከሰገራ ጋር ይወጣል፤ ነገር ግን ከዋጠችው በኋላ የማያቋርጥ ሳል ከያዛት፣ ትንፋሿ ከተቆራረጠ ወይም ደረቷን ከወጋት ወደ ጥርስ ክሊኒክ ሳይሆን በአቅራቢያዎ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ወዲያው ይውሰዷት።